ኒሻኑስ ይቅር፣ ስሙን ማን ይመልስለት?

ሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. በ1973) በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ፣ የወታደሮች የግል ማኅደር በተከማቸበት ትልቅ ሕንፃ ላይ እሳት ተነሣ። እሳቱ ሲጠፋ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ማኅደር አመድ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ እስከ 1960 መባቻ ድረስ ከምድር ጦር የተሰናበቱ ወታደሮች ማኅደር 80 በመቶው በዚያ እሳት ወደመ። ቅጂ አልነበረውም፤ በማይክሮፊልምም አልተነሣም። ለመሆኑ አንድ መንግሥት “ተቃጠለ፣ ምን እናድርግ” ብሎ እጁን አጣጥፎ ለመቀመጥ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ከየት ያገኛል?

አላጣጠፈም። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ ጎረቤቴ ነው። ጎረቤቴ በኮሪያ ጦርነት የዘመቱ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ነበሩ። ትከሻቸው ላይ የፍንጣሪ ጠባሳ አለ፤ ዲዲ 214 በሚባለው የስንብት ወረቀታቸው ላይ ግን ለቆሰለ ወታደር የሚሰጠው የፐርፕል ኸርት ሜዳሊያ አልተጻፈም። በጊዜው ጸሐፊው ዘለለው፤ እሳቸውም ወጣት ነበሩና ወደ ቤት የሚሄዱበትን ቀን እንጂ ወረቀቱን አላዩም። ማኅደራቸው በእሳቱ ተበላ። ልጃቸው ነገሩን የያዘችው እሳቸው 80 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው።

አሠራሩን በዝርዝር የምጽፈው በምክንያት ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ። መጀመሪያ 180 የሚባል ቅጽ ተሞልቶ ማኅደሩ ይጠየቃል። “ተቃጥሏል” የሚል መልስ ቢመጣም ነገሩ በዚያ አያበቃም። መዝገብ ቤቱ ራሱ ከሌላ ቦታ ማስረጃ መልቀም ይጀምራል፦ የሻምበሉ የየዕለቱ የጠዋት ሪፖርት፣ የደመወዝ መክፈያ፣ የጦር ሜዳ ሆስፒታል የገቢ ቁስለኞች ዝርዝር። ከዚያም በቂ ካልሆነ 149 የሚባል ሌላ ቅጽ አለ። ይህ የሚቀርበው የወታደር መዝገብ ለማረም በሕግ ለተቋቋመ ቦርድ ነው። ልብ በሉ፣ የቦርዱ አባላት ሲቪሎች ናቸው፤ ጄኔራል በጄኔራል አይፈርድም። ሕጉ ስህተቱ በታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ አመልክት ይላል፤ ነገር ግን ለፍትሕ ሲባል ጊዜው ሊታለፍ እንደሚችልም ያው ሕግ ይፈቅዳል። ጎረቤቴን ያዳናቸው ይቺ አንቀጽ ናት። ስማቸው በአንድ ሆስፒታል ዝርዝር ላይ ተገኘ፤ የማረሚያው ወረቀት ዲዲ 215 በፖስታ መጣ፤ ሜዳሊያውም ያለ አንድ ሳንቲም ክፍያ ተከትሎ መጣ። እሳቸው ያልጠየቁትም ተጨምሮ ነበር፦ የኮሪያ መንግሥት ገና በጦርነቱ ጊዜ ለዘማቾች የሰጠው፣ አሜሪካ ግን ወታደሮቿ እንዲያደርጉት እ.ኤ.አ. በ1999 ብቻ የፈቀደችው ሜዳሊያ።

አሜሪካን ለማወደስ አይደለም የተነሣሁት። ጥቁር ወታደር በዚህች አገር ምን እንደደረሰበት አውቃለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተዋጉ 7 ጥቁር አሜሪካውያን የመጨረሻው ታላቅ ሜዳሊያ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ነው፤ በሕይወት የተገኘው አንዱ ብቻ ነበር። የሆነው ሆኖ ቢዘገይም የሚኬድበት በር አለ። በሩ ላይ የሚንኳኳው በወረቀት ነው፤ በዘመድ አይደለም።

አዛውንቱ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲያውቁ የመጀመሪያ ቃላቸው “ቃኘው!” የሚል ነበር። የነበሩበት 7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ነው። የእኛ የቃኘው ሻለቆችም የተመደቡት በዚሁ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነበር። አባቴም ከእነሱ አንዱ ነው።

ለወጣቱ አንባቢ በአጭሩ ላስታውስ። ቃኘው የሚለው ስም የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ በ1943 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. በ1951) ፑሳን ወደብ ደረሰ። ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩት። 121 ሰው ሞተ፣ 536 ቆሰለ፤ አንድም ሰው አልተማረከም። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ማርሻል ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ በጻፈው መጽሐፍ ስለ እነዚህ ልጆች የሌሊት ቅኝት ለብቻው ተርኳል። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ በተለያዩ ቋንቋዎች ሲታተም አንዱ ቋንቋ አማርኛ ነበር። እስቲ አስቡት፤ በራሳችን ፊደል የተጻፈ የዓለም ሜዳሊያ!

አባቴ በሁለተኛው ሻለቃ አሥር አለቃ ነበር። እንደሚለው ከሆነ፣ አንድ ሌሊት ከምሽግ ፊት ለፊት የወደቁ ሁለት ጓደኞቹን ጎትቶ በማውጣቱ የብሮንዝ ስታር ሜዳሊያ በአሜሪካ ጄኔራል እጅ ደረቱ ላይ ተሰክቶለታል። “እንደሚለው ከሆነ” ያልኩት አባቴን ተጠራጥሬ አይደለም። ችግሩ ይኸው ነው፤ ከአፉ በቀር ማስረጃ የለውም።

ማስረጃው የት ሄደ? ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተመራው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲነሣ አባቴ ክብር ዘበኛ ሰፈር ነበር። ውጡ ሲባል ወጣ፤ ለማን እንደሚተኩስና ለምን እንደሚተኩስ የነገረው ሰው እንዳልነበረ እስከ ዛሬ ይምላል። ሙከራው ሲከሽፍ ክብር ዘበኛ ተበተነ። ቤቱ ተፈተሸ፤ ሜዳሊያውም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የምስክር ወረቀትም ከሌላው ወረቀት ጋር በከረጢት ተወሰደ። ከእስር ሲፈታ ወደ ጠረፍ ጦር ተላከ። አዲሱ ማኅደሩ የሚጀምረው ከ1954 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሰው፣ ኮሪያ የዘመተው፣ የቆሰለው፣ የተሸለመው ሰው፣ በመዝገቡ ላይ አልተወለደም።

ደርግ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከኪም ኢል ሱንግ ጋር የወዳጅነት ጽዋ በሚጠጣበት፣ በ1977 ዓ.ም መባቻ የተመረቀው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ እርዳታ በተሠራበት ዘመን “እኔ ኮሪያ ዘምቻለሁ” ብሎ ማመልከቻ የሚጽፍ ማን ነው? አባቴ ፎቶግራፉን እንኳ ከግድግዳ አውርዶ በእናቴ የልብስ ሣጥን ውስጥ ደበቀው። ያ ፎቶግራፍ ነው የተረፈን። ደረቱ ላይ አንድ ነገር ይታያል፤ ምን እንደሆነ ግን አይለይም።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ጡረተኛውም ተረኛውም “የደርግ ወታደር” በሚል አንድ ጆንያ ውስጥ ገባ። ደርግ ከመወለዱ በፊት የዘመተው አባቴ የደርግ ወታደር ሆነ ማለት ነው! ይህንን ሳስብ መሳቅ ወይም ማልቀስ የቱ እንደሚቀለኝ አላውቅም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የጎረቤቴን ካየሁ በኋላ ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ወደሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄድኩ። መታወቂያ ላሳየ ሁሉ የተመራማሪ ካርድ በነፃ ይሰጣሉ። ዜግነት አይጠይቁም፣ ለምን ፈለግህ አይሉም። ብዕር ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እርሳስ እነሱው ይሰጣሉ። የጠየቅኋቸው ሣጥኖች በጋሪ ተገፍተው መጡ። በውስጣቸው የ7ኛው ክፍለ ጦር የሽልማት ትእዛዞች በቁጥርና በቀን ተሰድረዋል።

እዚያ ቁጭ ብዬ የገጠመኝ ችግር እሳት ሳይሆን ፊደል ነው። አሜሪካዊው ጸሐፊ የእኛን ስም በጆሮው እንደሰማው በታይፕ መትቶታል። “ወልደ” አንዱ ገጽ ላይ “ዋልዲ”፣ ሌላው ላይ “ኦልዴ” ሆኗል። የቤተሰብ ስም ያለን መስሎት አንዳንዱን በአባት ስም፣ አንዳንዱን በአያት ስም፣ ሌላውን በራሱ ስም ቅደም ተከተል አስገብቶታል። አንድ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል፤ ሦስት ሰው አንድ ይሆናል። በዚያ ላይ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል፤ አባቴ ወሩን ያስታውሳል እንጂ በየትኛው ቁጥር እንደሚቆጠር አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ገጽ አገኘሁ። ማዕረጉ አሥር አለቃ፤ ሻለቃው ቃኘው፤ ወሩ አባቴ የሚለው ወር፤ ድርጊቱ ሁለት ቁስለኞችን ከጠላት ተኩስ ሥር ማውጣት። ስሙ ግን ከአባቴ ስም አንድ ተነባቢ ጎድሎትና ሁለት አናባቢ ተዛብቶበት ነው።

የተረጋገጠ ቅጂ አሠርቼ አዲስ አበባ ላክሁ። ታናሽ እህቴ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ወሰደችው። ስሙን አልጠቅስም፤ ሠራተኞቹም የታዘዙትን የሚያደርጉ ናቸው። የተሰጣት መልስ በቃል ነው፦ የውጭ አገር ወረቀት አይበቃም፤ አመልካቹ ከነበሩበት ሻለቃ የማረጋገጫ ደብዳቤ ያምጡ። ከነበሩበት ሻለቃ! የሞተውን ሰው ምስክር ጥሩ እንደማለት ነው። እህቴ ሻለቃው የለም ስትል “እንግዲያው ከሦስት ጓደኞቻቸው የምስክርነት ቃል” አሏት። አባቴ ዘጠናን ከተሻገረ ቆይቷል። ከሦስቱ ጓደኞቹ ሁለቱን ራሱ ቀብሯቸዋል፤ ሦስተኛው የልጆቹን ስም ከረሳ ሰንብቷል። እምቢታውን በጽሑፍ ስጡኝ ብትልም አልሰጧትም። በጽሑፍ ያልተሰጠ እምቢታ ደግሞ ይግባኝ የለውም።

አንዳንድ ወገኖች “አገር በጦርነትና በረሃብ ስትታመስ ስለ አንድ ቁራጭ ናስ ታወራለህ” ሊሉኝ ይችላሉ። ይበሉ። እኔ ግን የአባቴን ጉዳይ የአባቴ ብቻ አድርጌ አላየውም። በ1983 ዓ.ም የተበተነው ሠራዊት ከ4 መቶ ሺህ በላይ ሰው ነበር። ከመካከላቸው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ካራማራን ያስለቀቁ አሉ። በየመንገዱ ዳር ክራንቻቸውን አጋድመው ሲለምኑ አይተናቸዋል፤ ሜዳሊያቸው መርካቶ ለቱሪስት ሲሸጥም አይተናል። የሚገርመው፣ በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያው “የደርግ ወታደር” ተብሎ የተጣለው አብራሪና መድፈኛ ከየቤቱ ተፈልጎ ተጠራ። ለመዋጋት ሲፈለግ ማኅደሩ ተገኘ ማለት ነው። ለጡረታና ለክብር ሲሆን ብቻ ነው የሚጠፋው።

ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል እጅና እግሩን ያጣው ወጣት ስንት እንደሆነ የሚነግረን የለም። ያዘመተው መንግሥት ይሁን ያዘመተው ሌላ፣ ያ ልጅ የት ቀን፣ የት ቦታ፣ በማን ትእዛዝ እንደቆሰለ የተጻፈ ወረቀት አለው? ወይስ እሱም ከ50 ዓመት በኋላ ሦስት ምስክር ይፈልግ ይሆን? በየለውጡ ሠራዊቱን ከነመዝገቡ አፍርሶ ከዜሮ የመጀመር በሽታ ንጉሡም፣ ደርጉም፣ ኢሕአዴግም በየተራ ይዟቸዋል። ዛሬ ሥልጣን ላይ ያሉትም ከዚህ በሽታ መዳናቸውን በሥራ አላሳዩንም።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የወታደር መዝገብ የሚያርም፣ ከጦሩ ውጭ የሆነ፣ መልሱን በጽሑፍ የሚሰጥ አንድ ቦርድ በሕግ ይቋቋም። የአመልካቹ ማኅደር በራሱ ጥፋት ካልጠፋ፣ ማስረጃ የመፈለጉ ሸክም የመንግሥት ይሁን። የውጭ ቤተ መዛግብት ሰነድ ተቀባይነት ይኑረው፤ የቃኘው ግማሽ ታሪክ ያለው እዚህ ነውና። ኮሪያውያን በ1960 ዓ.ም ጃንሆይ በተገኙበት ቹንቾን ላይ ሐውልት አቁመውልናል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 አፍንጮ በር ላይም የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። ለሐውልቱ ምስጋና ይገባል። ሐውልት ላይ አበባ የሚያኖር ባለሥልጣን ግን በዚያው ቀን የአንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ቢፈርም ምን ይጎዳው ነበር?

አባቴን ባለፈው እሑድ በስልክ አግኝቼው ነበር። ሜዳሊያውን ከአሜሪካ አስልኬ ልስጥህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። “ናሱን ምን አደርገዋለሁ፤ እዚያ ወረቀት ላይ የተበላሸውን ስሜን አስተካክልልኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይወስደው” አለኝ።

በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ የቃኘው ልጆችና የልጅ ልጆች ካላችሁ፣ ኮሌጅ ፓርክ ሩቅ አይደለም። የአባታችሁን ስም ስትፈልጉ በሚገመተው አጻጻፍ ሁሉ ፈልጉ፤ በአያታችሁም ስም ፈልጉ። የሌላ ዘማች ስም ስታገኙም ገጹን ሳትቀዱ አትለፉ። እኔ ያየሁት የሁለተኛውን ሻለቃ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። የቀሩት ሣጥኖች ቁጥራቸው እጄ ላይ አለ፤ በሚመጣው ወር ተመልሼ እገባለሁ።