ዲኤክስ በጎጀብ አቀበት፦ የ4ኬ ሞተር አቅምና ጽናት

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል፣ ቀድሞ የገቡት አሮጌ መኪኖች በነዳጅ የሚሠራ ተተኪ የሌላቸው ሆኑ። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በቦንጋና በካፋ ዞን ወረዳዎች ላለ ገዢ፣ «ይህ አሮጌ ሞተር ስንት ዓመት ይቆየኛል?» ማለት የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። መልሱን ለማግኘት አንድ የታወቀ ሞተር በዝርዝር እንመልከት፤ ብዙ ሰው «ዲኤክስ» እያለ በሚጠራው የቀድሞው ቶዮታ ኮሮላ ውስጥ የተገጠመውን 4ኬ።

4ኬ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1966 ከመጀመሪያው ኮሮላ ጋር ብቅ ካለው የ«ኬ» ሞተር ቤተሰብ ነው። የመጀመሪያው 1077 ሲሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣው 4ኬ ግን 1290 ሲሲ ደረሰ። የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 73 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአራት ሲሊንደር ሲባዛ 1290 ይሰጣል። ብሎኩ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ቫልቮቹ ስምንት ናቸው። ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ ሳይሆን ብሎኩ ውስጥ ስለተቀመጠ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው በገፊ ዘንጎች አማካይነት ነው። ካምሻፍቱን ከኮሎው (ከክራንክሻፍቱ) ጋር የሚያያይዘውም የጎማ ቺንጋ ሳይሆን አጭር የብረት ሰንሰለት ነው። ቤንዚኑን ካርቡራተር ያቀላቅላል። ጉልበቱ እንደ ገበያውና እንደ ዓመቱ ቢለያይም ከ60 እስከ 70 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው።

ይህ ቁጥር የተለካው ግን በባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ቦንጋ 1750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ይሳሳልና። ስለዚህ 65 የፈረስ ጉልበት ያለው 4ኬ ቦንጋ ሲደርስ 54 አካባቢ ይቀረዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሾፌሩ «ሞተሩ ደክሟል» የሚለው አንዳንዴ በከፍታው ምክንያት ነው።

ከፍታው ሌላም ነገር ያደርጋል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚለቀው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ በቦንጋ ከፍታ ድብልቁ ከሚገባው በላይ ከስምንት እስከ ዘጠኝ በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ውጤቱ የጠቆረ ካንዴላ፣ ጥቁር ጭስ፣ የበዛ ፍጆታ ነው። መፍትሔው የጠበበ ቀዳዳ ያለው የቤንዚን መርጫ መግጠምና ድብልቁን በቦታው ማስተካከል ነው። በአንጻሩ ከፍታው የሚያቀለው ችግር አለ፦ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚያንስ ሞተሩ ኦክቴኑ ዝቅ ባለ ቤንዚን ቶሎ አያንኳኳም።

ትልቁ ፈተና ግን ሙቀት ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄድ መኪና ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ያለ ሥራ የቀዘቀዘ ሞተር ወዲያው አቀበት ላይ ይጫናል። እዚህ ጋ የራዲያተሩ ክዳን ዋጋ ይገለጣል። በ1750 ሜትር ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል። የ4ኬ ቴርሞስታት የሚከፈተው 82 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል የቀረው ልዩነት 12 ዲግሪ ብቻ ነው። ጤናማ ክዳን ግን ግፊቱን ስለሚይዝ መፍያውን ወደ 115 ዲግሪ ያወጣዋል። ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ይህን ሁሉ መከላከያ ያሳጣል፤ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ግን ማንም አይጠረጥረውም።

ሞተሩ ሲፈላ ብዙዎች ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥላሉ። ይህ ምልክቱን ይደብቃል እንጂ በሽታውን አያክምም። ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር በብርድ ጊዜ ሙቀቱ ስለማይሞላ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ የፒስተን ፋሻና ሲሊንደርም ቶሎ ይበላሉ። አቀበት ላይ የሚበጀው ሌላ ነው። በ4ኬ ማራገቢያውም የውኃ ፖምፓውም የሚዞሩት በሞተሩ ዙር ነው። በከፍተኛ ማርሽ እየተጎተተ የሚወጣ ሾፌር ማራገቢያውን ያዘገየዋል፤ ቀደም ብሎ ማርሽ የሚቀንስ ግን ያፈጥነዋል። የማርሽ አጠቃቀም እዚህ የማቀዝቀዣው አካል ነው።

የፈላ ሞተር ላይ ከመንገድ ዳር ጅረት ቀዝቃዛ ውኃ መጨመር ደግሞ የቆየ ስሕተት ነው። አሉሚኒየሙ ከብረቱ የበለጠ ስለሚሰፋና ስለሚኮማተር ቴስታታው ይጠማዘዛል፤ ጋርኒሲዮኑም ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ውኃ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲወጣ ማኪያቶ የሚመስል ቀለም ይታይበታል። ይህን ያየ ገዢ ወይ መኪናውን መተው፣ ወይም የቴስታታ ማስተካከያ ወጪ ከዋጋው ላይ ማስቀነስ አለበት።

ካፋ ዝናባማ አካባቢ ነው፤ ደኑም እርጥበቱን ይይዛል። የእርጥብ ጠዋት አለመነሳት ብዙ ጊዜ የሞተሩ ጥፋት ሳይሆን የዲስትሪቢዩተሩ ክዳንና የካንዴላ ገመዶቹ ጣጣ ነው፤ ክዳኑን አውልቆ በጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። ቤንዚን በጄሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ በሚሸጥበት ጊዜ ደግሞ ውኃና ቆሻሻ አብሮ ይመጣል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ በታንኩና በካርቡራተሩ ታች ይቀመጣል። በ4ኬ ካርቡራተሩን ፈትቶ ማጽዳት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

አሁን ከእርሱ በኋላ ከመጣው ከ4ኤ-ኤፍኢ ጋር እናነጻጽረው። ይህኛው 1587 ሲሲ፣ 16 ቫልቮች፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ አለው። ከፍታውን ራሱ ለክቶ ድብልቁን ያስተካክላል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። ካምሻፍቱን የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ በየተወሰነ ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፤ ሆኖም ቢበጠስ እንኳ ፒስተኑና ቫልቮቹ አይጋጩም። በወረቀት ላይ 4ኤ-ኤፍኢ ይበልጣል። ነገር ግን ሴንሰሩ ሲበላሽ ወይም ቆሻሻ ቤንዚን የነዳጅ ፓምፑን ሲያቃጥል፣ መፍትሔው መሣሪያና መለዋወጫ ያለበት ከተማ ነው። የ4ኬ ሰንሰለት ግን ሲላላ በድምፅ ይናገራል፤ ቫልቮቹም ሲንኳኩ በስስ የልኬት ብረት ተለክተው ይስተካከላሉ።

ስለዚህ ጽናት ከፋብሪካ የሚመጣ ቋሚ ቁጥር አይደለም። 4ኬ ይሞቃል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ጭሱም ከዘመናዊ ሞተር የከፋ ነው። ብርታቱ ብልሽቱ አስቀድሞ መታየቱና ባለበት ቦታ መጠገኑ ነው። ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ ጋራዥ ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ከተጨማሪ የፈረስ ጉልበት ይበልጣል፤ ጅማ ለሚመላለስና ነዳጅ መቆጠብ ለሚፈልግ ደግሞ 4ኤ-ኤፍኢ ይሻለዋል። ዲኤክስ የሚገዛ ሰው ግን ቀለሙን ከማሳደሱ በፊት አዲስ የራዲያተር ክዳን፣ የሚሠራ ቴርሞስታት፣ ከውኃ ጋር የተቀላቀለ ዝገት ተከላካይ ፈሳሽና በየ5000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር ዘይት ያስቀድም። እነዚህ አራቱ ከተጠበቁ ሞተሩን ለማውረድ የሚያስገድደው ምክንያት በአብዛኛው እርጅናው ይሆናል።