ጉልበቴን የሰበረው ወገኔ ነው፤ ካሳውን የሚከፍለው ግን እሱ አይደለም

ጄፒ ውስጥ ሐበሻ ሐበሻን ከሰሰ ከተባለ ወሬው ከቀትር በፊት ሎኬሽን ይደርሳል። የእኔም ስም በዚህ ወሬ ስለ ገባ፣ ነገሩን ለአንባብያን እንዳለ ላስቀምጠው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ በጄፒ መንገድ (ከ2014 ወዲህ ራሂማ ሙሳ ተብሏል፤ ከእኛ መካከል በዚህ ስም የሚጠራው ግን እምብዛም ነው) ዕቃ የጫነ ባኪ ወደ ኋላ ሲመለስ ከቆመ መኪና ጋራ አጣበቀኝ። የቀኝ ጉልበቴ ሎሚ ተሰበረ፤ ጅማቱም ተበጠሰ። ሹፌሩ ያገሬ ልጅ ነው። ሐኪም ቤት ያደረሰኝም እሱ ነው። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሎች መጥተው፣ «ልጁ ቤተሰብ አለው፤ አምስት ሺህ ራንድ ተቀበልና ይቅር በለው፤ ወገንህን አትክሰስ» አሉኝ።

ይቅርታውን ሰጠሁ፤ አምስት ሺውን አልተቀበልኩም። ሽማግሎቹ የሚያውቁት ያገራችንን ሕግ ነው። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ባለመኪናውን ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። እዚህ ግን ሹፌሩን ልክሰሰው ብል እንኳ አልችልም። ከነሐሴ 1 ቀን 2008 ጀምሮ የጸናው ማሻሻያ፣ የተጎዳ ሰው ሹፌሩንም ባለመኪናውንም ለካሳ እንዳይከስ ከልክሏል። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤትም በ2010 አጽንቶታል። የሚጠየቀው የመንገድ አደጋ ፈንድ ነው። ገንዘቡ በየሊትሩ ነዳጅ ላይ ከሚጣል ቀረጥ ይመጣል፤ ቀረጡ በ2021 በሊትር 2 ራንድ ከ18 ሳንቲም ገብቷል። ታክሲ የተሳፈረ ሐበሻ ሁሉ ከፍሎበታል ማለት ነው። እርግጥ የሹፌሩን ጥፋት ማስረዳት አለብን። ሹፌሩ ያለ መንጃ ፈቃድ ከነዳ ወይም ለአደጋው ምክንያት የሆነው ስካሩ ብቻ ከሆነ፣ ፈንዱ የከፈለውን ዞሮ ሊጠይቀው ይችላል። የእኛው ልጅ ፈቃድ አለው፤ መጠጥም አልቀመሰም።

«ወረቀት የለኝም፤ ማን ይሰማኛል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ፈንዱ በ2022 የውጭ አገር ሰው በሕጋዊ መንገድ መግባቱን ካላሳየ ማመልከቻውን አልቀበልም ብሎ ነበር። የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2024 መመሪያውን ሻረው፤ ሕጉ የሚለው «ማንኛውም ሰው» ነውና። ቢሆንም ከማመልከታችሁ በፊት ወረቀታችሁን ለጠበቃ አሳዩ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ለሕመምና ለሥቃይ ካሳ ለማግኘት ጉዳቱ «ከባድ» መሆኑን ሐኪም መመስከር አለበት። መለኪያው ከመላው አካል 30 በመቶ ነው፤ አንድ ጉልበት እዚያ መድረሱ ይቸግራል። ነገር ግን ጉዳቱ ዘላቂና ብርቱ ጉድለት ከተወ፣ የሰውየው ኑሮና ሥራ የሚታይበት ሁለተኛ መንገድ አለ። ጉልበት ቢሮ ለሚውል ሰው አንድ ነገር ነው፤ እንደ እኔ ብርድ ልብስ ተሸክሞ በሎኬሽን ቤት ለቤት በዱቤ ለሚሸጥ ሌላ ነው።

የቀረ ገቢም ይካሳል፤ ግን ማስረጃ ይጠይቃል። ባንክ የለኝ፣ የግብር ወረቀት የለኝ! ያለኝ የዱቤ ደብተር፣ የጅምላ ሻጮች ደረሰኝና የዕቁብ መዝገብ ነው። ጠበቃዬ ዕቁብ ምን እንደ ሆነ ሳስረዳው በመጀመሪያ ፈገግ አለ። በየሳምንቱ ሳላጓድል የጣልኩት ተጽፎ ሲያይ ግን አስተረጎመው፤ የዕቁቡ ዳኛም ቃለ መሐላ ሰጡ። ስለዚህ ደብተራችሁን አትጣሉ።

ሽምግልናው ሲጓተት ጊዜው እንደሚሮጥም አትርሱ። አደጋው በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ይነገራል። ማመልከቻው በሦስት ዓመት ውስጥ ካልገባ መብቱ ይጠፋል፤ ገጭቶ ያመለጠው መኪና ካልታወቀ ደግሞ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ረጅም ነው። የጋውቴንግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የችሎት ቀጠሮ እስከ 2031 ድረስ እየተሰጠ ስለ ነበር፣ በሚያዝያ 2025 ከቀጠሮ በፊት ሽምግልና ግድ ነው ብሏል። ሽማግሎቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

ስለ ጠበቃ ክፍያ አንድ ነገር ልጨምር። ካላሸነፍኩ አልቀበልም ብሎ የሚዋዋል ጠበቃ፣ በ1997ቱ ሕግ መሠረት የመደበኛ ክፍያውን እጥፍ ወይም የካሳውን 25 በመቶ፣ ከሁለቱ ካነሰው በላይ መውሰድ አይችልም። አልጋዬ አጠገብ ወረቀት ይዞ መጥቶ «እዚህ ፈርም» ያለኝ ደላላ የጠየቀኝ ግማሹን ነበር።