በተማሪዎች ራስና ልብስ ላይ ስለሚገኝ ቅማል

በደብረ ማርቆስና በዙሪያው ባለው ደጋ ክረምቱ ሲከብድ ልጆች ከብርዱ የተነሣ በአንድ መደብ ላይ ተጠጋግተው ያድራሉ፤ የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም፤ ማገዶውም ይረጥባል። ይህ ወራት ለቅማል የተመቸ ነው። ስለዚህ ልጆቻቸውን ለትምህርት የሚሰዱ ወላጆችና ተማሪ ቤት የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ነገሩን ከነሥሩ ቢያውቁት መልካም መስሎ ስለ ታየን ጥቂት እንጽፋለን።

በተማሪዎች ላይ የሚገኘው ቅማል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የራስ ቅማል ነው። እርሱም በጠጕር ውስጥ ይኖራል፤ እንቁላሉን ከጠጕሩ ሥር ያጣብቃል፤ እንቁላሉም ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። አይዘልም፥ አይበርም፤ ይልቁንም ራስ ከራስ ሲነካካ ይሻገራል። ልጁን እንቅልፍ ይነሣዋል፥ ታኮ የቆሰለውም ያመረቅዛል፤ ዳሩ ግን ነፍስ የሚያጠፋው እርሱ አይደለም። ሁለተኛው የልብስ ቅማል ነው። ይህኛው በልብስ ስፌት ውስጥ ተሸሽጎ ወደ ገላ የሚወጣው ደም ለመምጠጥ ነው። ተስቦንና ትኩሳት ግርሻን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግር ይህ ነው።

ይህንንም ሻርል ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1909 በአውሮፓ አቆጣጠር በቱኒስ ከተማ ገለጠው። የተስቦ ሕመምተኞች ልብሳቸውን አውልቀው ገላቸውን ታጥበው ወደ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ በሽታው ወደ ሌላ እንደማይጋባ፥ ልብሳቸውን የተቀበሉት ሰዎች ግን እንደሚታመሙ አስተዋለ። ስለዚህም ሥራው በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በአገራችንም በ1991 በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ከጦርነቱ በኋላ በባሕር ዳር ተሰብስበው በነበሩት ወታደሮች መካከል ትኩሳት ግርሻ ተነሥቶ ብዙ ሰው ታሟል።

በጎጃም ይህ ነገር ይልቁን የሚያሳስበው ስለ ቆሎ ተማሪው ነው። ቅኔና መጻሕፍት ለመማር ወደ ደብረ ኤልያስ፥ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ወደ ዋሸራ የሚመጣው ልጅ ከእናቱ ርቆ ከባልንጀሮቹ ጋር በጠባብ ጎጆ ያድራል። ቀን የለበሰውን ደበሎ ሌሊት ይለብሰዋል። ደበሎም ቆዳ ነውና በፈላ ውሃ አይቀቀልም።

እንግዲህ መድኃኒቱ እንደ ቅማሉ ዓይነት ይለያያል። ለራስ ቅማል ጠጕሩን አርጥቦ ጥርሱ በጠበበ ሚዶ ከሥር እስከ ጫፍ ማበጠር ይገባል፤ እንቁላሉ ኋላ የሚፈለፈል ስለ ሆነ በየ4 ቀኑ ለ2 ሳምንት ይደጋገም፤ የቤቱም ሰው ሁሉ ይታይ። ነጭ ጋዝ ወይም ለሰብልና ለከብት የተሠራ መርዝ በልጅ ራስ ላይ ማፍሰስ ግን ያቃጥላል፥ ይመርዛልም። የሚቀባ መድኃኒት ያስፈለገ እንደ ሆነ ከጤና ጣቢያ ይጠየቅ።

ለልብስ ቅማል ሥራው በልብሱ ላይ ነው። በእንዶድም ሆነ በሳሙና ማጠብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቅማሉንና እንቁላሉን የሚገድለው የውሃው ትኩሳት ነውና ልብሱ በፈላ ውሃ ይዘፍዘፍ። ደበሎውም በከረጢት ታስሮ 2 ሳምንት ሰው ሳይለብሰው ቢቀመጥ ቅማሉ ደም አጥቶ ያልቃል። ይህ የሚሆነው ግን ልጁ እስከዚያ ድረስ የሚለብሰው ቅያሪ ሲኖረው ነው።

ቅማልን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መጨፍለቅም የቆየ ልማዳችን ነው፤ ሊቀር ይገባል። የትኩሳት ግርሻ ጀርም በቅማሉ ሰውነት ውስጥ የሚኖር ስለ ሆነ፥ ቅማሉ ሲጨፈለቅ ወጥቶ በጣት ጭረት ወደ ደም ይገባል። የተለቀመው ቅማል ወደ እሳት ወይም ወደ ፈላ ውሃ ይጣል። ትኩሳት የያዘውና ራሱን የሚያመው ተማሪ ደግሞ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ በጊዜው ከደረሰ የሚያድን መድኃኒት አለ።

ቅማል የተገኘበትን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ማሳፈርና ከትምህርት ማባረር፥ ሴት ልጅንም ያለ ፈቃዷ መላጨት የሚጠቅም አይደለም። ያፈረ ልጅ ቅማሉን ይሸሽጋል፤ የተሸሸገውም ይበዛል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ በደጁ የቆሎ ተማሪ «ስለ እመ ብርሃን» እያለ የሚቆምበት ባለቤት ከቁራሹ ጋር በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ቅያሪ ልብስ ቢጨምርለት፥ ከምጽዋቱም በላይ በሽታን ከጎጆው መከልከሉ ነው።