እግር ባይረዳም ክብደት ይቀነሳል



ወደ ጤና ተቋም ሄዶ «ክብደትዎ ከልክ አልፏል» የተባለ ሰው አብሮ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ፣ በታክሲ ፋንታ በእግርዎ ይሂዱ፣ ደረጃ ይውጡ ይባላል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን በልጅነቱ ልምሻ ይዞት አንድ እግሩ የሰለለ፣ በመኪና አደጋ አከርካሪው የተጎዳ ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩ የተቆረጠ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ያድርግ? በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በተመሠረተው ክፍለ ከተማችን በለሚ ኩራ ደግሞ የቤቱ ነገር አለ። በቦሌ አራብሳ፣ በአያትና በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ከምድር በላይ አራት ፎቅ ያላቸው፣ ሊፍት ግን የሌላቸው ሕንፃዎች ብዙ ናቸው። በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከተከራየ ከቤት የሚወጣው ለቀጠሮና ለበዓል ብቻ ይሆናል።

ከዚህ የተነሳ «እኔ ስፖርት መሥራት ስለማልችል መክሳት አልችልም» ብለው የተዉት ጥቂት አይደሉም። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ክብደት በዋነኛነት የሚጨምረውም የሚቀንሰውም በገበታ ላይ ነው። እንቅስቃሴ ለልብ፣ ለደም ዝውውርና ለመንፈስ ይጠቅማል፤ ብቻውን ኪሎ የማውረድ አቅሙ ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው ግማሽ ሰዓት በመጠነኛ ፍጥነት ቢራመድ የሚያቃጥለው 100 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ ወደ 120 ካሎሪ ይይዛል። እንግዲህ ከመራመድ ተመልሶ ወጡ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ካስጨመረው ሰው ይልቅ፣ ተቀምጦ ውሎ ያቺን ማንኪያ የተወው ሰው የተሻለ ተጠቅሟል ማለት ነው።

አካል ጉዳት ያለበት ሰው ለምን ቶሎ ይወፍራል? ሰውነታችን ቁጭ ብለን እንኳ ለትንፋሽ፣ ለልብ ምትና ለአንጎል ሥራ ኃይል ያቃጥላል። ጡንቻ ከስብ ይበልጥ ኃይል ይፈጃል። እግር ሲሰልል ወይም ከወገብ በታች ያለው አካል መታዘዝ ሲያቆም በዚያ ያለው ጡንቻ ይመነምናል፤ ሰውነቱም የሚያስፈልገው ምግብ ያንሳል። ሰውየው ግን ከጉዳቱ በፊት ይበላ የነበረውን ያህል ይበላል። እንዲያውም ይጨምራል፤ ምክንያቱም ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያዝንለታል። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እየተባለ ጉርሻው ይደራረባል። ሲወፍር ደግሞ ጎረቤት «ተመችቶሃል» ይለዋል። ፍቅር በምግብ መገለጡ ያለና የኖረ ነው፤ ነገር ግን ፍቅሩን በጉርሻ ቁጥር መለካት የግድ አይደለም።

ትርፍ ክብደት ማንንም ይጎዳል፤ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ የሚያስከትል መሆኑ የታወቀ ነው። አካል ጉዳት ባለበት ሰው ላይ ግን ጉዳቱ ይፈጥናል። በክራንች የሚሄድ ሰው ሙሉ ክብደቱን የሚሸከመው በትከሻውና በእጅ አንጓው ነው፤ እነዚህ ሲታመሙ መንቀሳቀሻውን ያጣል። ተቀምጦ የሚውል ሰው ደግሞ ክብደቱ በጨመረ መጠን ቂጡና ዳሌው ላይ የሚያርፈው ጫና ያይላል፤ ቁስሉም ከወጣ በኋላ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ባሏን ከአልጋ ወደ ወንበር የምታዛውር ሚስት ወገብም መታሰብ አለበት። ስለዚህ ጉዳዩ የአንዱ ሳይሆን የሁለታችሁ ነው።

ከዘይቱ ጀምሩ

ባልና ሚስት አብረው ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ሒሳብ አለ። የ5 ሊትር ዘይት ስትገዙ ቀኑን በጄሪካኑ ላይ ጻፉ። ሁለት ሰዎች በአንድ ወር ከጨረሱት እያንዳንዳቸው በቀን ወደ 700 ካሎሪ ከዘይት ብቻ አግኝተዋል። ያው ጄሪካን ለአንድ ወር ተኩል ቢቆይ ይህ ወደ 460 ይወርዳል። ልዩነቱ በወር ሲደመር አንድ ኪሎ ስብ ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ነው። ሰውነት እንደ ወረቀቱ ሒሳብ በትክክል ባይሄድም አቅጣጫው ይኸው ነው። ዘይትን ከጄሪካኑ ወደ ድስት አታንቆርቁሩ፤ በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። ሽንኩርቱን እናቶቻችን እንደሚያደርጉት በደረቁ፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ አቁላሉት፤ ዘይቱ በመጨረሻ ቢገባ ጣዕሙ አይጎድልም።

ሁለተኛው ስኳር ነው። በቀን አምስት ስኒ ሻይ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 15 ማንኪያ፣ ማለትም ወደ 240 ካሎሪ ይወስዳል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር ሊይዝ ይችላል። ስኳሩን በአንድ ጊዜ ከማቋረጥ ይልቅ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ይሻላል፤ ምላስ ይለምዳል።

ስለ እንጀራ ብዙ ይባላል። እንጀራን ጠላት ማድረግ አያስፈልግም። አስቸጋሪው ነገር በአንድ ገበታ ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አለመታወቁ ነው። ለሁለታችሁ የሚበቃውን አስቀድማችሁ አቅርቡና መሶቡን ክደኑት፤ ተጨማሪ እንጀራ ወደ ገበታው አይምጣ። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያና ቀይ ሥር ሰፋ ብለው ይቅረቡ፤ እንጀራው ግን ይነስ። ፓስታን በእንጀራ፣ ድንችን በዳቦ መብላት ኃይል ሰጪን በኃይል ሰጪ መደረብ ነው። ገንቢ ምግቦችን ግን አትቀንሱ። ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ እንቁላልና ወተት ጡንቻንና ቆዳን ይጠግናሉ፤ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ደግሞ የቆዳ ጥንካሬ ዋና ነገር ነው። የሽንት ቤቱን ጣጣ በመፍራት ውሃ የሚቀንሱ አሉ። ይህ ድርቀትንና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ያመጣልና ይቅርባችሁ።

የሚጾሙ አንባብያን ጾሙ ራሱ ያከሳናል ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ዘይት የተንሳፈፈበት ወጥ የሚበላ ሰው ግን ከፍስኩ ቀን አይለይም። በረመዳን ማፍጠሪያም እንዲሁ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

አንድ ማሳሰቢያ፤ ለአካል ጉዳተኛው ለብቻው በሳህን የተለየ ምግብ አታቅርቡ። በገዛ ቤቱ በሽተኛ መባልን የሚወድ የለም። የቤቱ ወጥ በሙሉ ይለወጥ።

ተቀምጦ መሥራት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአካል ጉዳተኞችም የተለየ ምክር ሰጥቷል። አቅም ለፈቀደለት ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ጥቂት ማድረግ ምንም ካለማድረግ እንደሚሻልም ይገልጻል። በቤት ውስጥ የሚሆነው ይህን ይመስላል። የወንበሩን ፍሬን ያዙ። አንድ ሊትር ውሃ የሞላ ሃይላንድ ክብደቱ አንድ ኪሎ ነው፤ በየእጃችሁ አንድ አንድ ይዛችሁ ወደ ፊት፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ አንሱ። ከሬድዮ ጋር አንድ ዘፈን እስኪያልቅ እጅን እያወዛወዙ መቆየት ትንፋሽን ያፈጥናል። ተቀምጦ ልብስ ማጠብም ሥራ ነው። እዚህ ላይ ለባሎች አንድ ቃል፦ ሚስታችሁ ልትሠራው የምትችለውን ሁሉ ከእጇ መንጠቅ ደግነት ቢመስልም ሰውነቷን ያስሰንፋል። ሚስቶችም ለባሎቻችሁ እንዲሁ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላ በማግስቱ ዓመት በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳድሯል። የሮምና የቶኪዮ ባለ ድል ስለሆነ ከእኛ ጋር አይወዳደር ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለቱም ስፖርቶች በእጅ የሚሠሩ መሆናቸውን ልብ በሉ።

በልምሻ የተጠቁ ሰዎች እስኪዝሉ መሥራት የለባቸውም፤ የተረፈው ጡንቻ ከመጠን በላይ ሲደክም ይበልጥ ሊላላ ይችላል። ትከሻ ካመመም ለጥቂት ቀናት አርፉ። በወንበር የሚውሉ ሁሉ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ጎን ወይም ወደ ፊት ዘንበል ብለው ቂጣቸውን ከጫና ያሳርፉ።

የእርግዝና መከላከያና ክብደት

ይህ ክፍል ከክሊኒካችን ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ አንዳንድ ሴቶችን ያወፍራል፤ በሚወሰድበት ጊዜም የአጥንት ጥንካሬን በመጠኑ ይቀንሳል። በእግሯ የማትቆም ሴት አጥንቷ ቀድሞውኑ የሳሳ ሊሆን ስለሚችል ይህን ከባለሙያ ጋር መነጋገር ይገባታል። ሁለት ሆርሞን የያዘው እንክብል ደግሞ ደም በእግር ሥር ውስጥ እንዲረጋ የሚያደርግ ባሕርይ አለው። ትርፍ ክብደትና እግርን አለማንቀሳቀስም ይህንኑ አደጋ ይጨምራሉ፤ ሦስቱ ሲደራረቡ ያሰጋል። ክንድ ላይ የሚቀበረውና በማህፀን የሚቀመጠው ሉፕ ይህን ዓይነት ሆርሞን የላቸውም። ከወገቧ በታች ስሜት የሌላት ሴት ግን ሉፕ ሲያስቸግር ሕመሙ ላይሰማት ስለሚችል አስቀድማ መናገር አለባት። ኮንዶም ወይም የወንድ ቋሚ ዘዴ መርጦ ሸክሙን የሚካፈል ባልም አለ። «አወፈረኝ» ብሎ ግን ሳይመክሩ ማቋረጥ ያልታሰበ እርግዝና ያስከትላል።

ልጅ ለመውለድ ያሰባችሁ ከሆነ ክብደት የሚቀነሰው ከእርግዝናው በፊት ነው። በእርግዝና ጊዜ ለመክሳት መሞከር አይገባም።

ስለ መለካት ጥቂት እንጨምር። መቆም የማይችል ሰው በተለመደው ሚዛን ላይ አይመዘንም፤ በልብስ ሰፊ ሜትር ወገብን መለካት ይበቃል። ሁልጊዜ ጧት ከቁርስ በፊት፣ ተጋድማችሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ ለኩና በቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፉት። ለሴት 80፣ ለወንድ 94 ሳንቲ ሜትር ማለፍ የጤና ስጋት መጀመሪያ ይባላል። የሆድ ጡንቻው በሰለለ ሰው ግን ሆድ ወደ ፊት ስለሚገፋ ቁጥሩን ካለፈው የራሳችሁ ቁጥር ጋር አስተያዩ። 80 ኪሎ የሆነ ሰው 4 ኪሎ ቢቀንስ እንኳ ለግፊትና ለስኳር ይጠቅማል። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ በላይ ለመቀነስ አትቸኩሉ።

አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠ ወይም ከሞቀ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም መቀመጫ ላይ የወጣ ቅላት ጫናው ከተነሳለት በኋላ ካልጠፋ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ኑ፤ ከሚያወፍሩት መካከል የአእምሮ፣ የሚጥል በሽታና የመገጣጠሚያ መድኃኒቶች ስላሉ ሐኪሙ ሊለውጥላችሁ ይችላል።