አንድ ውጤት፣ ሁለት ችግር፦ በንባብ ለሚቸገሩ ተማሪዎች የሚሰጥ የተዋቀረ ድጋፍ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል

እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ ስምንት አካባቢዎች የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። በውጤቱ መሠረት ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በሦስተኛ ክፍልም ቁጥሩ 20 በመቶ ነበር። ይህ ግኝት የአገሪቱን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ትኩረት ከተደራሽነት ወደ ጥራት እንዲዞር ከገፋፉት ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከስምንቱ አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ በክልሉ ተማሪዎቹ የተመዘኑት በአማርኛ ነበር።

አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ግን ከክልሉ ነዋሪ ቤርታ 25.9 በመቶ፣ አማራ 21.25 በመቶ፣ ጉሙዝ 21.11 በመቶ፣ ኦሮሞ 13.32 በመቶ፣ ሺናሻ 7.59 በመቶ ነበር። የብሔረሰብ ማንነትና የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሁልጊዜ አንድ ባይሆኑም፣ በአሶሳም ሆነ በገጠር ወረዳዎች በርካታ ልጆች አማርኛን በስፋት የሚያገኙት ትምህርት ቤት ሲገቡ መሆኑን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በአማርኛ ምዘና ዝቅተኛ ውጤት ያገኘ ተማሪ ማንበብ ያልቻለ ሊሆን ይችላል፤ ያነበበበትን ቋንቋ የማያውቅም ሊሆን ይችላል። የተዋቀረ የንባብ ድጋፍ በዚህ ክልል ፍሬ እንዲያፈራ በመጀመሪያ እነዚህን ሁለት ተማሪዎች መለየት ይኖርበታል።

የንባብ ሁለት ምሰሶዎች

ፊሊፕ ጎፍና ዊሊያም ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡትና በንባብ ጥናት ዘርፍ በስፋት የሚጠቀሰው ንድፈ ሐሳብ አንብቦ መረዳትን የሁለት ችሎታዎች ብዜት አድርጎ ይመለከተዋል። አንደኛው ቃልን ለይቶ ማንበብ፣ ማለትም የጽሑፍ ምልክትን ወደ ድምፅ መለወጥ ነው። ሁለተኛው ቋንቋን ሰምቶ መረዳት ነው። ግንኙነታቸው በመደመር ሳይሆን በማባዛት መገለጹ ትርጉም አለው፤ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው ምንም ያህል ቢጠነክር ውጤቱ ዜሮ ነውና።

ለማብራራት ያህል ችሎታዎቹ ከ0 እስከ 1 ባለው ልኬት ይለካሉ እንበል። አንዲት አፏን በአማርኛ የፈታች ተማሪ በቋንቋው 0.9፣ ቃል ለይቶ በማንበብ ደግሞ 0.2 ብታገኝ የመረዳት ውጤቷ 0.18 ይሆናል። አፉን በጉሙዝኛ የፈታና ፊደሉን አጥንቶ የጨረሰ ተማሪ ቃል ለይቶ በማንበብ 0.9፣ አማርኛን ሰምቶ በመረዳት 0.2 ቢያገኝ የእሱም ውጤት 0.18 ነው። በመምህሩ መዝገብ ላይ ሁለቱም እኩል ደካማ ናቸው። የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን ተቃራኒ ነው። ለሁለቱም ፊደል የማስቆጠር ትምህርት ቢሰጥ የመጀመሪያዋ ትጠቀማለች፤ ሁለተኛው የሚያውቀውን እየደጋገመ ጊዜውን ያባክናል።

ፊደሉ የሚጠይቀው

የግዕዝ ፊደል በተለመደው ቆጠራ 33 መሠረታዊ ፊደላት በሰባት ቅርጽ እየተረቡ 231 ምልክቶች የሚገኙበት ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ ይይዛል። የቤርታ፣ የጉሙዝና የሺናሻ ቋንቋዎች በክልሉ ትምህርት ቤቶች የሚጻፉት ግን በላቲን ፊደል ሲሆን፣ በዚህ ሥርዓት ተነባቢና አናባቢ ለየብቻቸው ይቀመጣሉ። ስለሆነም በሁለቱም ጽሕፈት የሚማር ልጅ አንዱን ሲያውቅ ሌላው በራሱ አይገለጥለትም። ቃል ከድምፆች የተሠራ መሆኑን መገንዘቡ ወደ ሁለተኛው ጽሕፈት አብሮት ይሻገራል፤ ምልክቶቹ ግን እንደ አዲስ መጠናት አለባቸው።

ፊደል በዜማ ከ«ሀ ሁ ሂ» ጀምሮ በተራ መባሉም ለምዘና አሳሳች ነው። ልጁ ቅርጹን ሳይለይ ቦታውን በቃሉ ይዞ ሊወጣው ይችላልና። ምልክቶቹ ተዘባርቀው ሲቀርቡ የሚታወቀው ችሎታ የተለየ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በላይ ደግሞ ጽሕፈቱ የማያሳያቸው ነገሮች አሉ። «ትምህርት» በሚለው ቃል የመጀመሪያው «ት» አናባቢ ሲሰማበት በመጨረሻው «ት» ላይ ግን አይሰማም፤ ቅርጻቸው ግን አንድ ነው። መጥበቅና መላላትም አይጻፍም። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል፤ «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ የሚደረግ እንቅስቃሴ፣ ሲጠብቅ ቀዳሚ ማለት ነው። አማርኛን ከቤቱ ይዞ የመጣ ተማሪ ይህንን ክፍተት በቋንቋ እውቀቱ ይሞላዋል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ተማሪ ግን ፊደሉን በትክክል አንብቦም ቃሉን ሊስት ይችላል። የቋንቋ ድክመት ቃል ለይቶ በማንበብ ላይም ጥላውን የሚያጠላው በዚህ መንገድ ነው።

ድጋፉ እንዴት ይዋቀራል?

የተዋቀረ ድጋፍ የሚባለው ከተለመደው የማጠናከሪያ ትምህርት የሚለየው በአራት ነገሮች ነው፦ በምዘና መጀመሩ፣ በደረጃ መመደቡ፣ ቋሚ የትምህርት ሂደት መከተሉና መውጫው የታወቀ መሆኑ።

ምዘናው በግል፣ በቃልና በአጭር ጊዜ የሚካሄድ ነው። ተማሪው የተዘባረቁ ፊደላትን፣ ቃላትንና አጭር ምንባብን ያነባል፤ ከዚያም ጥያቄ ይመልሳል። ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወሳኙ ክፍል መዛኙ አጭር ታሪክ አንብቦለት ተማሪው ሰምቶ የሚመልስበት ነው። በአማርኛ የሰማውን ተረድቶ ያነበበውን ያልተረዳ ልጅ ችግሩ ከፊደሉ ጋር ነው። አቀላጥፎ አንብቦ፣ ሲነበብለትም ያልተረዳ ልጅ ችግሩ ከቋንቋው ጋር ነው። ተመጣጣኝ ታሪክ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲነገረው የሚረዳ ከሆነ ደግሞ «ዘገምተኛ» የሚለው ስም እንደማይገባው ይረጋገጣል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ የሆነው የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ጉባኤ ሪፖርት የንባብ ትምህርትን በአምስት ክፍሎች አስቀምጧል፦ የንግግር ድምፆች ግንዛቤ፣ የፊደልና የድምፅ ተዛምዶ፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት እውቀትና አንብቦ መረዳት። ለመጀመሪያው ቡድን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይበዛሉ፤ ጥቂት የፊደል ቤተሰቦች ተመርጠው፣ ከእነሱ ብቻ የተሠሩ ቃላትና ዓረፍተ ነገሮች ይነበባሉ፣ አንዱ ምንባብም ተደጋግሞ ይነበባል። ለሁለተኛው ቡድን የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይበዛሉ፤ በሥዕል የታገዘ ታሪክ ይነበባል፣ ይዘቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይብራራል፣ በአማርኛ ደግሞ ይተረካል። የአማርኛ የቃል ምሥረታም ለዚህ ያግዛል፤ «ሰበረ»፣ «ተሰበረ»፣ «ሰባሪ»፣ «ስብራት» በአንድ ሥር ሲቀርቡ ልጁ በአንድ ጊዜ የሚያገኘው ቃል ይበዛል። በሁለቱም ቡድን መምህሩ አንብቦ ያሳያል፣ አብረው ያነባሉ፣ በመጨረሻ ተማሪው ለብቻው ያነባል።

ከሌሎች ልምድ ወደ ክልሉ

በተማሪው ክፍል ሳይሆን በችሎታው ደረጃ ማስተማር በሕንድ ፕራታም በተባለ ድርጅት ለረጅም ጊዜ ተሞክሯል። ከተሞክሮው የሚገኘው ትምህርት ሥልጠና ብቻውን እንደማይበቃ ነው። በቢሃርና በኡታራካንድ ግዛቶች ለመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ሥልጠናና ማስተማሪያ ብቻ ሲሰጥ የጎላ ለውጥ አልታየም፤ መምህራኑ ወደ መደበኛው መጽሐፍ ተመልሰዋል። በሃሪያና ግን በየዕለቱ ለዚሁ ብቻ የተለየ ሰዓት ተመድቦ ተማሪዎች በደረጃ ሲከፋፈሉና ክትትል ሲደረግ በሂንዲ ንባብ መሻሻል ታይቷል። በኡታር ፕራዴሽ ደግሞ ድጋፉ በየ10 ቀኑ ዙር በካምፕ መልክ ተሰጥቷል።

ይህ የአጭር ዙር አሠራር ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ትኩረት ይገባዋል። በመተከልና በካማሺ ዞኖች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በተከሰተው ግጭት ሕዝብ ተፈናቅሏል፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተዋል። የትምህርት ዘመናቸው የተቆራረጠባቸው ልጆች ዓመቱን ሙሉ በተከታታይ መገኘትን ከሚጠይቅ መርሐ ግብር ይልቅ፣ በራሱ ምሉዕ በሆነ አጭር ዙር የበለጠ ሊጠቀሙ ይችላሉ።

የማስተማሪያ ጉዳይ ግን ከውጭ ሊመጣ አይችልም። ከ2010ሩ ምዘና በኋላ በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ የተካሄደው የ«ሪድ» መርሐ ግብር መማሪያዎችን ያዘጋጀው በሰባት ቋንቋዎች ነበር፦ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ። የአማርኛው ለክልሉም ቅርብ ቢሆንም ቤርታ፣ ጉሙዝና ሺናሻ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። በመሆኑም በእነዚህ ቋንቋዎች ለሁለተኛው ቡድን የሚያስፈልገውን ማዘጋጀት የክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲና የግልገል በለስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የጋራ ሥራ ሊሆን ይገባል።

ጊዜው ሲዘገይ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ማለፊያ ነጥብ ላላሟሉ ተማሪዎች የሪሚዲያል ትምህርት እየሰጡ ነው። የዚህ ውጤት መንስኤዎች ብዙ ቢሆኑም፣ በሁለተኛ ክፍል ያልተነበበ ቃል በየክፍሉ እየተጠራቀመ የሚሄድ ዕዳ መሆኑ አይካድም። ዕዳው በመጀመሪያው ዓመት በቀን በአንድ ሰዓት ሊቃለል የሚችል ነው፤ በ12ኛው ዓመት ግን ተጨማሪ የዩኒቨርሲቲ ጊዜ ይጠይቃል።

በክልሉ ወደፊት የሚካሄዱ የንባብ ጥናቶችም ከዚሁ ነጥብ ቢነሡ ይጠቅማል። የተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ በአማርኛ ሰምቶ የመረዳት ውጤቱና ቃል ለይቶ የማንበብ ውጤቱ ተለያይተው ሊመዘገቡ ይገባል። እነዚህ ሦስቱ ሳይለዩ የሚወጣ አማካይ ውጤት የአሶሳ መምህር ነገ ጠዋት ለየትኛው ልጅ ምን ማስተማር እንዳለበት አይነግረውም።