ከሕፃናት ጋር ማንበብ፦ በወረርሽኙ ወቅት ለአእምሮ ዕድገት የሚደረግ እንክብካቤ

የኮሮና ቫይረስ በሀገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ ቤተሰብም አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ እንዲያሳልፍ ተመክሮ ነበር። የሕፃናት የአእምሮ ዕድገት ግን ወረርሽኝ እስኪያልፍ የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አንጎል እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ያድጋል። ለዚህም ከተመጣጠነ ምግብና ከበቂ እንቅልፍ ጋር የአሳዳጊው ድምፅ፣ ፊትና ምላሽ ያስፈልገዋል።

እንደ ቦሌ አራብሳ ባሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጉዳዩ የበለጠ ትኩረት ይሻል። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ከልዩ ልዩ የከተማዋ ክፍሎች በዕጣ የመጡ በመሆናቸው፣ ሕፃኑን ያጫውቱ የነበሩ አያቶች በቀድሞው ሰፈር ቀርተው ይሆናል። በጠባብ ቤት ውስጥ ልጅን በስልክና በቴሌቪዥን ማረጋጋት ቀላል ይመስላል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ስክሪን ባያዩ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉትም በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጡ ይመክራል፤ በምትኩ ማንበብንና ተረት መንገርን ያበረታታል።

ቤት የሚመታ መጽሐፍ ለምን ይመረጣል?

ወፍራም የካርቶን ገጽ በትናንሽ እጆች ለመገለጥ ይመቻል፤ በቀላሉም አይቀደድም። ቤት የሚመታ አነጋገር ደግሞ ልጁ የሚመጣውን ድምፅ አስቀድሞ እንዲገምት ያግዘዋል። ለምሳሌ «ዶሮዋ ጮኸች፣ እንቁላል ጣለች» የሚለውን ደጋግመው ካነበቡ በኋላ ከመጨረሻው ቃል በፊት ቆም ይበሉ። ልጁ በዓይኑ፣ በድምፁ ወይም በቃል ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። ንግግር የሚለመደው በእንዲህ ያለ መቀባበል ነው።

እንዴት ይነበባል?

• እስከ 6 ወር፦ ሕፃኑን አቅፈው ፊትዎን እያሳዩ በዝግታ ያንብቡ፤ ድምፅ ሲያወጣም ይመልሱለት።
• ከ6 እስከ 12 ወር፦ ገጹን ራሱ ይግለጥ፤ ሥዕሉን እየጠቆሙ ስሙን ይጥሩ።
• ከ1 እስከ 3 ዓመት፦ «ላሟ የት አለች?» ብለው ይጠይቁ፤ እንዲያጨበጭብና የእንስሳትን ድምፅ እንዲያስመስል ያድርጉ።

በአንድ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ልጁ ፊቱን ካዞረ አያስገድዱት። መጽሐፍ ከሌለ ከንጹሕ ካርቶን ገጾችን ቆርጦ፣ የቤት ዕቃና የእንስሳት ሥዕል ስሎ፣ በአጭር ክር አጥብቆ መስፋት ይቻላል። ሊያንቁት የሚችሉ ቁልፎችና ረጃጅም ክሮች አይደረጉበት። ማንበብ የማይችሉ አሳዳጊዎችም ሥዕሉን እያዩ በራሳቸው ቃል ይናገሩ። አያቶችም በስልክ ድምፃቸውን ማሰማት ይችላሉ።

መጽሐፉ የበሽታ መተላለፊያ እንዳይሆን

ሕፃናት መጽሐፍን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ስለዚህ ከማንበብ በፊት የአሳዳጊውም የልጁም እጅ ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ በውኃና በሳሙና ይታጠብ። በፕላስቲክ የተሸፈኑ ገጾች ሳሙና በነካ እርጥብ ጨርቅ ተወልውለው፣ ከዚያም በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ተጠርገው ይድረቁ። ልጁ የሚያኝከውን ነገር በበረኪና ማጽዳት አይገባም።

በላቦራቶሪ ጥናት ቫይረሱ በካርቶን ላይ እስከ 24 ሰዓት፣ በፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል ታይቷል። ስለሆነም ከጎረቤት የተዋሱትን መጽሐፍ ለ3 ቀናት ለብቻው አስቀምጠው፣ አጽድተው ይስጡ።

አሳዳጊ ቢታመምስ?

የሕመም ምልክት የታየበት ሰው ለጊዜው ንባቡን ለሌላ ጤነኛ የቤተሰብ አባል ይተው። የምታጠባ እናት ግን ጭምብል አድርጋና እጇን ታጥባ ጡት ማጥባቷን፣ ልጇንም ማነጋገሯን ትቀጥል። ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ጭምብል ማድረግ ለመታፈን ስለሚያጋልጥ ክልክል ነው።

ሕፃኑ ለድምፅ የማይዞር ወይም ቀድሞ ያሰማው የነበረውን ድምፅ ያቆመ ከሆነ፣ በቫይረሱ ፍርሃት ቤት አይቆዩ፤ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት ጨምሮ ማንኛውም የክትባት ቀጠሮም ለዚህ ምክክር መልካም አጋጣሚ ነው። ስለ ኮቪድ 19 መረጃ ለማግኘት በነፃ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ።