ወጥቶ የማይገባው ክፍል፦ ስለ ፓምፕ፣ ስለ ግፊትና ስለ አንድ የዛገ ብሎን

የዶክትሬት ትምህርቴን በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት በምከታተልበት ጊዜ ጎረቤቶቼ የነበሩ አዛውንት ባልና ሚስት ኳርትዛይት በምትባል የበረሃ ከተማ አጠገብ ሰፍረው ሳለ ጋብዘውኝ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2011 ነው። ኳርትዛይት ለካሊፎርኒያ ድንበር ቅርብ ስትሆን፣ በብርዱ ወራት ከሰሜን ግዛቶች የሚሸሹ ጡረተኞች ሞተርሆም የተባለውን ተሽከርካሪ ቤታቸውን እየነዱ የሚሰበሰቡባት ስፍራ ናት። ሞተርሆም አውቶቡስ የሚያህል መኪና ሲሆን መኝታው፣ ማድ ቤቱና መታጠቢያው አብረውት ይጓዛሉ። አብዛኞቹ ዘመናዊዎቹ ደግሞ ተንሸራታች ክፍል አላቸው። መኪናው ሲቆም ከግድግዳው አንዱ ወገን ከነሶፋውና ከነጠረጴዛው እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጉዞ ሲጀመር ተመልሶ ይገባል።

በመጨረሻው ቀን ማለዳ ክፍሉ አልገባም። አዛውንቱ ቁልፉን ሲጫኑ ከመኪናው ሆድ የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ግድግዳው ግን ንቅንቅ አይልም። ነገሩ ቀላል አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት አዛውንቱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቱሳን ከተማ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራቸው። ክፍሉ እንደወጣ መንዳት ደግሞ አይታሰብም። በአሜሪካ ዋና መንገዶች የተሽከርካሪ ወርድ በመደበኛው ከ2.6 ሜትር በታች እንዲሆን ሕግ ያስገድዳል፤ ይህ ክፍል ብቻውን 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ተርፎ ነበር። የጥገና ባለሙያ ቢጠራም የሚደርሰው በሦስተኛው ቀን እንደሆነ ተነገራቸው።

አጠገባችን የሰፈሩ አንድ ደግ ሰው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይዘው መጡ። ብዙዎቹ የሞተርሆም ሃይድሮሊኮች የሚሠሩት በዚሁ ዘይት ነው። ገንዳውን ከፍተው አዩና «ዘይቱ ጎድሏል፣ እንሙላው» አሉ። እኔ ግን እንዳይሞሉ ለመንኋቸው። ምክንያቱን ለመረዳት የሥርዓቱን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

የአገራችን አንባቢ ሃይድሮሊክን በየቀኑ ያየዋል። ገልባጭ መኪና አሸዋውን ሲደፋ፣ ጎሚስታው በክሪክ መኪና ሲያነሣ የሚሠራው አንድ ሐሳብ ነው። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1663 በታተመው ድርሳኑ፣ በተዘጋ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት ሳይቀንስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚተላለፍ ገልጿል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ ደግሞ በ1795 ይህንኑ ወደ መጭመቂያ መሣሪያ ለውጦ የፈጠራ መብት አገኘበት። ጉልበት ማለት ግፊት በስፋት ሲባዛ ነው። ስለዚህ በትንሽ ፓምፕ የተፈጠረ ግፊት ሰፊ ፒስተን ላይ ሲያርፍ ትልቅ ጉልበት ይወጣዋል።

አሁን በቁጥር እንየው። የሲሊንደሩ የውስጥ ዲያሜትር 5 ሴንቲ ሜትር፣ የፒስተኑ ዘንግ ውፍረት 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ክፍሉን ወደ ውጭ ለመግፋት ዘይቱ የሚያርፈው በፒስተኑ ሙሉ ገጽ፣ ማለትም በ19.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ወደ ውስጥ ለመሳብ ግን ዘይቱ የሚገባው ዘንጉ ባለበት ወገን ስለሆነ የዘንጉ ስፋት ይቀነሳል፤ የሚተርፈው 14.7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በ100 ባር ግፊት የመግፊያው ጉልበት 19,600 ኒውተን ሲሆን የመሳቢያው 14,700 ኒውተን ብቻ ይሆናል። ሩቡ ጠፋ ማለት ነው። ሥርዓቱ ሲዳከም ክፍሉ ወጥቶ የማይመለስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። (በአንዳንድ አሠራሮች ክፍሉ በሚወጣበት ጊዜ ዘይቱ ለሁለቱም ወገን ይሰጣል፤ በእነዚያ ላይ የጉልበቱ ብልጫ በተቃራኒው ይሆናል።)

የዘይቱ ጉዳይም ከዚሁ ይወጣል። ክፍሉ በወጣ ጊዜ ከዘይቱ ከፊሉ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። በ90 ሴንቲ ሜትር ጉዞ ዘንጉ ወደ ሲሊንደሩ ተመልሶ ሲገባ ቦታውን የሚለቅለት ዘይት 0.44 ሊትር ያህል ነው፤ ለሁለት ሲሊንደር ወደ 0.9 ሊትር ይጠጋል። ይህ ሁሉ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ስለዚህ ክፍሉ እንደወጣ ገንዳውን እስከ አፉ የሞላ ሰው፣ ክፍሉ ሲገባ ዘይቱን መሬት ላይ ያገኘዋል። የዘይት ልክ የሚታየው ክፍሉ ገብቶ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ብዙ ሰው፣ ተማሪዎቼም ጭምር፣ ፓምፕ ግፊት የሚሰጥ ይመስላቸዋል። ፓምፕ የሚሰጠው ፍሰት ነው። ግፊት የሚፈጠረው ያ ፍሰት እንቢ የሚለው ነገር ሲያጋጥመው ነው። አትክልት የምታጠጡበትን ጎማ አስቡ፤ ውኃው ዝም ብሎ ሲፈስ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፣ አፉን በአውራ ጣት ስትይዙት ግን ጣታችሁን ይገፋል። ይህን የተረዳ ሰው ያልገባውን ክፍል በሦስት ጥያቄ ይመረምረዋል። ሞተሩ ጨርሶ ካልተነሣ ችግሩ ከኤሌክትሪኩ ነው። ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ግፊቱ ዝቅተኛ ከሆነ ዘይቱ እንቢ የሚለው አላገኘም፤ ወይ አንሷል፣ ወይ በአንድ ቫልቭ በኩል ወደ ገንዳው እየተመለሰ ነው፣ ወይ የፒስተኑ ጎማ አልቆ በጎኑ ያልፋል። ሞተሩ እያቃሰተ ግፊቱ እጅግ ከፍ ካለ ደግሞ እንቢታው በዝቷል፤ ክፍሉን የያዘው ነገር አለ፣ ወይም ከሲሊንደሩ መውጣት የሚገባው ዘይት መውጫው ተዘግቶበታል።

መለኪያ ከሌለ ጆሮ ይሠራል። የእኛው ሞተር ግን ከሦስቱ አንዱንም አይመስልም ነበር፤ አያቃስትም፣ አይፈጥንም፣ እየተጎተተ ይዞራል። በዚህ መሀል አዛውንቱ ከመኪናው ሥር ገብተው ቁልፉን ባለቤታቸው እንዲጫኑ እያዘዙ፣ ዘይት ያፈስስ እንደሆነ ለማየት መዳፋቸውን በቱቦው ላይ ያስኬዱ ጀመር። እጃቸውን ሳብኩት። በመርፌ ቀዳዳ በምታህል ክፍተት የሚወጣ ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ይመስላል፤ ፈጥኖ በቀዶ ሕክምና ካልታየ ግን ጣትን፣ አልፎም ክንድን ያሳጣል። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ቁራጭ እንጂ በእጅ አይደለም።

ባትሪውን በመልቲሜትር ስለካው 12.5 ቮልት አሳየ። «ደኅና ነው» አሉ ጎረቤታችን። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መልቲሜትር የሚስበው ኮረንቲ ከኢምንት የማይበልጥ ነው፤ የፓምፑ ሞተር ግን በሥራ ላይ ከ100 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። በመንገዱ ላይ የዛገ መገናኛ ቢኖርና ተቃውሞው 0.02 ኦም ብቻ ቢሆን ለመልቲሜትሩ እንደሌለ ነው። በ150 አምፔር ጊዜ ግን 3 ቮልት ይበላል፤ 450 ዋት ኃይልም ወደ ሙቀት ይለውጣል። ለሞተሩ የሚቀርለት 9 ቮልት ገደማ ነው፤ የዘይቱን መንገድ የሚከፍተው የማግኔት ቫልቭም በዚህ ቮልቴጅ ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ ልኬቱ ዋጋ የሚኖረው ጭነቱ ባለበት ጊዜ ነው።

ባለቤታቸው ቁልፉን እንዲጫኑ አድርጌ በሞተሩ ጫፎች ላይ ለካሁ፤ 8.9 ቮልት ሆነ። ባትሪው ራሱ ላይ ስለካ በዚያው ቅጽበት 11.9 ነበር። እንግዲህ 3 ቮልት በመንገድ ላይ ጠፍቷል። ኬብሉን ቁራጭ በቁራጭ ስከተለው ኔጋቲቩ ከመኪናው ሻንሲ ጋር የሚያያዝበት ብሎን ላይ ደረስኩ፤ ዝገት ወርሶት ነበር። ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ ስነካው ይፋጃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ መብራት በማይቀርብበት በረሃ መስፈራቸውና የሌሊቱ ብርድ ባትሪውን አድክመውት ነበር፤ ዝገቱ የቀረውን ወሰደ። ሲመጡ ክፍሉ የወጣው ባትሪው ሙሉ ስለነበረና ለመግፋት ሰፊው ገጽ ስለረዳ ነው።

የባትሪውን ኬብል አላቅቀን ብሎኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገን አጠበቅነው። ሞተሩን አስነሥተን ዲናሞው ባትሪውን እንዲያግዝ አደረግን። ማንም በክፍሉና በግድግዳው መካከል አለመቆሙን አይተን ቁልፉን ሲጫኑት ክፍሉ መንቀሳቀስ ጀመረ።

አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። አሁን ግን የሞተሩ ድምፅ ተለውጧል፤ ወፍራምና የሚያቃስት ሆኗል። ባለቤታቸው ደግመው ሊጫኑት ሲሉ አስቆምኳቸው። ይህ ድምፅ ፍሰቱ እንቢታ እንዳገኘ ይናገራል፤ ብዙ ሺህ ኒውተን ደግሞ ከወለልም ከግድግዳም ይበረታል። ገብተን ስናይ አንድ ታጣፊ ወንበር ከሶፋው ጀርባ ወድቆ ተሰንቅሯል። ጥቂት ወደ ውጭ መልሰን አወጣነው። ኤሌክትሪኩ ባይስተካከል ኖሮ የመጨረሻው መንገድ የቫልቩን መመለሻ ከፍቶ ክፍሉን በሰው ጉልበት መግፋት፣ ወይም ፓምፑ ከፈቀደ በድሪል ማዞር ነበር። ቫልቩ ሳይከፈት መግፋት ግን ከንቱ ነው። ዘይት በ100 ባር እንኳ የሚጨመቀው ከመቶ አንድ እጅ ለማይሞላ ነውና፣ የተዘጋ ዘይት እንደ ብረት ይቆማል።

ክፍሉ ገብቶ ጎማው ከግድግዳው ጋር ሲጋጠም ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ጎረቤታችን የገንዳውን ክዳን ከፍተው የልክ መለኪያውን ዘንግ አወጡ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ላይ ነበር። አንድ ጊዜ አዩኝና ይዘውት የመጡትን ዘይት ክዳን መልሰው ጠመዘዙት።